ለቪዲዮ ሲኒማ ካሜራ ወይስ ፎቶ ካሜራ? ከባሕር ዳር ቀራጮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳርና ጣና ዳር ሠርግ፣ ክሊፕ፣ ማስታወቂያና ዶክመንተሪ የሚቀርጹ ልጆች ካሜራ ሊገዙ ወይም ሊከራዩ ሲሉ የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው፤ ከቀላሉ ጀምሬያለሁ።

ሲኒማ ካሜራና ፎቶ ካሜራ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ፎቶ ካሜራ የምንለው ለፎቶ ተብሎ ተሠርቶ ቪዲዮ የታከለበትን ነው። ዛሬ በብዛት የሚታየው ሚረርለሱ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ነው፤ አሮጌዎቹ ባለመስታወት ዲኤስኤልአሮችም ገና ከሥራ አልወጡም። ሲኒማ ካሜራ ግን ከጅምሩ ለቪዲዮ የታሰበ ነው። አብዛኛው ልዩነት ያለው ለሥራ በሚያመቹ ነገሮች ላይ ነው፦ ውስጡ የተገጠመ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት)፣ የኤክስኤልአር ማይክ መሰኪያ፣ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ እንዳይግል የሚያደርግ ማራገቢያ፣ ትልልቅ ባትሪ የሚቀበል አካል፣ ታይምኮድ (ካሜራዎችንና ድምፅን ለማገጣጠም አብሮ የሚቀረጽ የሰዓት ቁጥር)፣ የብርሃኑን መጠን በግራፍና በቀለም የሚያሳይ ስክሪን። ሁሉም ሲኒማ ካሜራ እነዚህን ሁሉ አሟልቶ አይመጣም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ድንበሩ መደባለቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በዚያ ዓመት ኒኮን ዲ90 ቪዲዮ የሚቀርጽ የመጀመሪያው ዲኤስኤልአር ሆኖ ወጣ፤ ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ደግሞ በሙሉ ፍሬም ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ቺፕ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል በሆነበት) ሙሉ ኤችዲ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እየተጠጋጉ ሄደው በ2024 ኒኮን የሲኒማ ካሜራ አምራቹን ሬድን ጠቅልሎ እስከ መግዛት ደርሷል። ዛሬ ሶኒ ኤፍኤክስ 3ን ከሩቅ ያየ ሰው ፎቶ ካሜራ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ሲኒማ ካሜራ የሚያወጣው ምስል የበለጠ ያምራል?

ሲኒማ ስለተባለ ብቻ አያምርም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሶኒ ኤ7ኤስ 3 እና በ2021 የወጣው ኤፍኤክስ 3 ሁለቱም 12 ሜጋፒክስል አካባቢ ያለው ሙሉ ፍሬም ሴንሰር ነው ያላቸው። አንዱ በፎቶ፣ ሌላው በሲኒማ ስም ነው የሚሸጠው። በአንድ ሌንስና በአንድ ሴቲንግ ሁለቱንም ጎን ለጎን አቁማችሁ ብትቀርጹ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ኤዲተሩም አይለይም። ልዩነቱ ኤፍኤክስ 3 ማራገቢያ፣ ኤክስኤልአር ያለው እጀታና ዕቃ የሚታሰርባቸው የብሎን ቀዳዳዎች ሲኖሩት፣ ኤ7ኤስ 3 በዓይን የሚታይበት ቪውፋይንደር አለው።

እውነተኛ የምስል ልዩነት የሚመጣው ሮው (ካሜራው ቀለሙን ሳያበስል የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ከሚቀርጹት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ብላክማጂክ ፖኬት 4ኬ የሚሰጠው ፋይል ቀለም ሲሠራበት ብዙ ይችላል። ጥቅሙ የሚታየው ግን ቀለም የሚሠራ ሰውና ለዚያ የሚሆን ጊዜ ሲኖር ነው። ሥራው በማግስቱ ቲክቶክ ላይ የሚወጣ ከሆነ የዋጋውን ልዩነት ለሌንስና ለመብራት ያዋለው ሰው የተሻለ ምስል ይዞ ይመጣል ባይ ነኝ።

ለሠርግ የቱ ይሻላል?

ብቻውን ወይም ከአንድ ረዳት ጋር ለሚሠራ ሰው ፎቶ ካሜራ ይሻላል። እዚህ ላይ አላመነታም።

ሠርግ ቆሞ አይጠብቅም። ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ስትል በሩ ጠባብ ነው፣ ሚዜዎቹ ይገፋሉ፣ እናት እንባዋን ትጠርጋለች፣ ውስጡ ጨለማ ውጪው ፀሐይ ነው፤ ሁሉም ነገር ዘፈኑ አንድ ዙር ሳይሞላ ያልቃል። እዚያ ላይ ፊት ለይቶ የሚከተል ኦቶፎከስና የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ካሜራ የያዘ ሰው ቀረጻውን ይዞ ይወጣል። ፖኬት 4ኬ ፎከስን የሚፈልገው ቁልፍ ስትጫኑለት ብቻ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ሰው አይከተልም። ውስጡም ማረጋጊያ የለውም። ጂምባል (ካሜራውን የሚያረጋጋ ባለሞተር እጀታ) ላይ ጭናችሁት ሙሽሮቹ ወደ እናንተ ሲመጡ ፎከስ የሚጎትትላችሁ ሰው ካልያዛችሁ ስንት ሰው የደከመበት አገባብ ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል።

ማታ አዳራሽ ውስጥ እስክስታው ሲጀመር ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። ትከሻ በጣም ፈጣን ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) እና በ1/50 ሹተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት የሰከንድ ክፋይ) ስትቀርጹት ይደበዝዛል። 50 ፍሬም በ1/100 አድርጋችሁ ቅረጹት። ምቱ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ከፈለጋችሁም 25 ፍሬም ታይምላይን ላይ በግማሽ ፍጥነት ታወርዱታላችሁ። ስለዚህ የምትገዙት ካሜራ በ4ኬ 50 ፍሬም ሲሆን ምስሉን ይቆርጥ እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ለምሳሌ ሶኒ ኤ7 4 በዚያ ፍጥነት ሴንሰሩን በከፊል ብቻ ስለሚጠቀም ሰፊው ሌንሳችሁ ይጠብባችኋል፤ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፎቶም ቪዲዮም የሚሠራ ሰው በአንድ ካሜራ ሊወጣው ይችላል?

ይችላል፤ ግን ከፎቶው ወገን ያለውን ይምረጥ። 12 ሜጋፒክስል ፎቶ በጥሩ ጥራት ሲታተም ወደ 36 በ24 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ለአልበም ይበቃል፤ ደንበኛው ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቅለውን ትልቅ ፍሬም ሲጠይቅ፣ ያውም ከርቀት ተነሥቶ የተቆረጠ ፎቶ ሲሆን ያጥራል። ኤፍኤክስ 3 ቪውፋይንደር የለውም፤ በቀትር ጣና ዳር ስክሪኑን እያዩ ፎቶ ማንሣት ዓይን ያደክማል። ሶኒ ኤፍኤክስ 30 ደግሞ ሜካኒካል ሹተር የለውም፣ ለፎቶ ሥራ ባልመርጠው እወዳለሁ። 33 ሜጋፒክስሉ ኤ7 4 ለሁለቱም ይሆናል።

ካሜራው 29 ደቂቃ ላይ ለምን ይቆማል? ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። የአውሮፓ ኅብረት ጉምሩክ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ የሚቀርጽን ዕቃ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ቆጥሮ ተጨማሪ ቀረጥ ይጥልበት ስለነበር አምራቾቹ ፎቶ ካሜራውን 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ እንዲቆም አድርገው ሠሩት። እኛ አገር አሁንም የሚዞሩት ብዙዎቹ ያገለገሉ ካሜራዎች የዚያ ዘመን ናቸው።

ቅዳሴ፣ ምረቃ ወይም ስብሰባ የምትቀርጹ ከሆነ ይህ ገደብ የሌለበትን ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ፓናሶኒክ ጂኤች5 ሜሞሪና ባትሪ እስካለው ድረስ አይቆምም፤ ኤ7ኤስ 3ም እንደዚያው። ሲኒማ ካሜራ ላይ ጥያቄው አይነሣም።

ባሕር ዳር ሙቀት ላይ ካሜራ ይግላል?

የሚግለው አንዳንዱ ነው፣ አንዳንዱም በአንዳንድ ሴቲንግ ብቻ። በዚህ ስሙ የተነሣው ካኖን አር5 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ 8ኬ እየቀረጸ ብዙ ሳይቆይ ግሎ መቆሙ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ማራገቢያ ያላቸው ሲኒማ ካሜራዎች እዚህ ላይ ይበልጣሉ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ ውጪ የምትቀርጹ ከሆነ ጥላ ያዙ፣ ስክሪኑን ከካሜራው ጀርባ ገለጥ አድርጋችሁ ተዉት፣ በቀረጻ መሐል አጥፉት። ጥቁር አካል ፀሐይ ላይ ትራይፖድ እንደተገጠመ ተትቶ ሻይ ቡና የሚባልበት ቀን ላይ የትኛውም ካሜራ አይመሰገንም።

24፣ 25 ወይስ 30 ፍሬም? መብራቱስ ለምን ይርገበገባል?

የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ሹተራችሁ 1/50 ወይም 1/100 ከሆነ ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ 1/60 ካደረጋችሁት ግን ርግብግብ ይመጣል። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ 30 እና 60 ፍሬም ላይ ተስተካክሎ ስለሚደርሳችሁ መጀመሪያ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ፓል (ባለ 50 ኸርዝ አገሮች የቪዲዮ ሥርዓት) ቀይሩትና 25 እና 50 ፍሬም ይምጣላችሁ። 24 የሚወድ ሰውም ሹተሩን 1/50 ካደረገ ችግር የለበትም።

አዳራሽ ውስጥ ከሙሽሮች ጀርባ የሚቆመው ትልቁ የኤልኢዲ ስክሪን ግን የራሱ ፍጥነት አለው፣ 50 ኸርዝን አይሰማም። ምስላችሁ ላይ ጥቁር መስመር ሲሄድ ካያችሁ ሹተሩን በጥቂት በጥቂቱ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ሲኒማ ካሜራዎችና አንዳንድ አዳዲስ ፎቶ ካሜራዎች ሹተሩን በነጥብ ደረጃ ያስተካክላሉ፤ አሮጌው ፎቶ ካሜራ ከ1/50 ወደ 1/60 ይዘላል እንጂ በመሐል የሚቆምበት የለውም።

ጣና ዳር ስንቀርጽ ሰማዩና ውሃው ነጭ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ብርሃኑ ካሜራው ከሚችለው በላይ ስለሆነ ነው፤ መፍትሔው ኤንዲ ፊልተር ነው። ስሌቱን አንድ ጊዜ አብረን እንሥራው። ሎግ (ቀለሙ በኋላ እንዲሠራበት ደብዘዝ ብሎ የሚቀረጽ ምስል) ስትቀርጹ የብዙዎቹ ሶኒዎች መነሻ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚያነሣበት መጠን) 640 ወይም 800 ነው። በጠራ ፀሐይ በአይኤስኦ 800 ትክክለኛው ብርሃን የሚገኘው አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) 16፣ ሹተሩ 1/800 ሲሆን ነው። እናንተ የምትፈልጉት ሹተር 1/50 ነው፤ ይህ 4 ስቶፕ ያበራዋል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው)። ጀርባው ደብዘዝ እንዲል አፐርቸሩን 2.8 ላይ ስትከፍቱት ሌላ 5 ስቶፕ ይጨመራል። በድምሩ 9 ስቶፕ መቀነስ አለባችሁ፣ ኤንዲ 512 ማለት ነው። አፐርቸሩን 8 ላይ ከተዋችሁት 6 ስቶፕ፣ ኤንዲ 64 ይበቃችኋል። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ከ2 እስከ 5 ስቶፕ የሚዞረው ፊልተር ለቀትር ጣና አይበቃም ማለት ነው።

የሚዞረው ፊልተር ውሃ ላይ ሌላ ጣጣ አለው። ውስጡ ሁለት ፖላራይዘር መስታወት ነው ያለው፤ ስታዞሩት ብርሃኑ ብቻ ሳይሆን የሐይቁ ነጸብራቅም አብሮ ይቀየራል። በሰፊ ሌንስ ደግሞ ሰማዩ አንድ ጎኑ ጠቁሮ ሌላው ነጥቶ ይወጣል፣ መጨረሻው ድረስ ሲዞርም መሐሉ ላይ የኤክስ ቅርጽ ይመጣል። ለሐይቅ ሥራ የማይዞሩ ሁለት ሦስት ፊልተሮች ይዞ መሄድ ይሻላል። ውስጡ ኤንዲ የተገጠመለት ካሜራ ዋጋው የሚታየውም እዚህ ነው፦ ብላክማጂክ ፖኬት 6ኬ ፕሮ 2፣ 4 እና 6 ስቶፕ አለው፤ ካኖን ሲ70 እስከ 10 ስቶፕ ይደርሳል፤ ሶኒ ኤፍኤክስ 6 በኤሌክትሮኒክ ቀስ እያለ የሚጨልም አለው። ኤፍኤክስ 3፣ ኤፍኤክስ 30 እና ፖኬት 4ኬ ግን ሲኒማ ተብለውም ኤንዲ የላቸውም።

አቅጣጫም አስቡ። ከተማችን ያለችው በሐይቁ ደቡብ ዳር ነው፤ ሙሽሮችን ሐይቁን ከጀርባ አድርጋችሁ ስታቆሙ እነሱ ፊታቸውን ወደ ደቡብ ያዞራሉ። በጥር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ቀትር ላይ ቀጥታ ፊታቸው ላይ ትወድቃለች፤ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ይወጣል። ዋርካው ጥላ ሥር ብታስገቧቸው ደግሞ ፊታቸው ጨልሞ ሐይቁ ይነጣል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ የያዘ ሰው በየትኛውም ካሜራ ይቀናዋል።

ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ጠይም ፊት አንድ ላይ እንዴት ይያዛል?

ቀሚሱን ጠብቁ። የነጠላው ሽመና ነጭ ሆኖ ከጠፋ በኤዲቲንግ አይመለስም፤ ትንሽ የጨለመ ፊት ግን በ10 ቢት ሎግ ከተቀረጸ ይነሣል። ዜብራውን (በጣም የበራ ቦታ ላይ መስመር የሚያሳየውን) አብሩና ጥበቡ አጠገብ ያለው ነጭ ጨርቅ ላይ መስመሩ መታየት ሲጀምር አንድ እርከን ዝቅ አድርጉ። ዜብራ ሁለቱም ዓይነት ካሜራ ላይ አለ። ዌቭፎርምና ፎልስ ከለር (የብርሃኑን መጠን በግራፍና በቀለም የሚያሳዩት) ያላቸው ሲኒማ ካሜራዎች ሥራውን ያፋጥናሉ፤ ከፎቶ ካሜራዎችም ጂኤች5 ዌቭፎርም አለው።

ጀልባ ላይ ለመቅረጽ የቱ ይመረጣል?

ውስጡ ማረጋጊያ ያለው ቀላል ካሜራ። የሞተር ጀልባ ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ አለው፦ የማዕበሉ ቀስ ያለ ውዝዋዜና የሞተሩ ጥቃቅን ንዝረት። ውዝዋዜውን ጉልበት ሸብረክ አድርጎ መቆም ይሸከመዋል። ንዝረቱን ግን ጀልባው ጠርዝ ላይ ክንዳችሁን ካስደገፋችሁ ራሳችሁ ወደ ካሜራው ታስገቡታላችሁ፤ ትራይፖድም ጀልባው ወለል ላይ ካቆማችሁ እንዲሁ። ከሞተሩ ራቅ ብላችሁ፣ ሰፊ ሌንስ ገጥማችሁ፣ ካሜራውን በእጅ ያዙ።

ታንኳ የሚቀዝፈውን ሰው ለመቅረጽ ከሆነ ባለጀልባውን ሞተሩን ከሩቅ እንዲያጠፋ ለምኑት። ደንገል ታንኳ ውሃ ላይ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ የሞተር ማዕበል ቀዛፊውን ያስቸግረዋል፣ የመቅዘፊያውን ድምፅም ታጣላችሁ። ካሜራውን ወደ ውሃው አስጠግታችሁ ከታንኳዋ አፍንጫ ከፍታ ላይ ስትይዙ ምስሉ ያምራል፤ ማንገቻው ክንዳችሁ ላይ ይጠምጠም። እጀታ፣ ሞኒተርና ትልቅ ባትሪ የተጫነበት ሲኒማ ካሜራ ለዚህ አይመችም።

በዘጌና በደሴቶቹ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ያለ መብራት መቅረጽ ይቻላል?

ይቻላል። እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ብርሃን የሚገባው በትልልቆቹ በሮች ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች በሩ ፊት ለፊት ያለው ብሩህ፣ ጎኑ ያለው ጨለማ ነው። ፍላሽ አታስቡት። ፈቃድ ከአስተዳዳሪው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የቱሪስት መግቢያ መክፈል የቀረጻ ፈቃድ አይደለም። ቡድናችሁ ውስጥ ሴት ባለሙያ ካለች ክብራን ገብርኤል ሴቶች እንደማይገቡበት ዕቅድ ስታወጡ አስቡበት።

ከካሜራ ወገን የሚፈለገው ሁለት መነሻ አይኤስኦ ያለው ነው። ሁለተኛው መነሻ ላይ ስትዘልሉ ምስሉ እንደገና ይጠራል። ፖኬት 4ኬ 400 እና 3200፣ ኤፍኤክስ 30 800 እና 2500፣ ኤ7ኤስ 3 በሎግ 640 እና 12800 ነው። ለጨለማ ብቻ ከተባለ ኤ7ኤስ 3ና ኤፍኤክስ 3 ይበልጣሉ። ከዚያ በታች ያለ ካሜራ ያለው ሰው ካሜራ ከመቀየሩ በፊት አፐርቸሩ 1.8 የሆነ ሌንስ ይግዛ፤ ከኪት ሌንሱ ጋር ያለው ልዩነት 3 ስቶፕ አካባቢ ነው፣ ብሩም ከካሜራ በብዙ ያነሰ ነው።

ድምፅ ላይ ሲኒማ ካሜራ ይበልጣል?

መሰኪያው ይበልጣል። ኤክስኤልአር ገመድ አይነቀልም፣ ረጅም ቢሆንም ጩኸት አይለቅምም። ግን ማይኩ ከካሜራው ላይ ከተቀመጠ ኤክስኤልአርም ሆነ ትንሹ መሰኪያ ድምፁ ያው ሩቅ ነው። ለቃለ መጠይቅ ደረት ላይ የሚሰካ ሽቦ አልባ ማይክ፣ ሐይቅ ዳር ደግሞ የነፋስ ፀጉር የለበሰ ማይክ ያስፈልጋል። ጢስ አባይ ፏፏቴ ሥር ሰው ለማናገር የሚመጣ ቡድን አይቻለሁ፤ ክረምት ላይ እዚያ የትኛውም ማይክ አያዋጣም፣ ሰውዬውን ፏፏቴው ከጀርባው ሆኖ ራቅ ብሎ ከፍታው ላይ ማቆም ነው።

ሎግ ወይም ሮው መቅረጽ አለብን?

8 ቢት በአንድ ቀለም 256 ደረጃ አለው፣ 10 ቢት 1024። ሎግ ብርሃኑን ጨምቆ ስለሚያስቀምጥ በ8 ቢት ቀርጻችሁ ቀለም ስትጎትቱት የጣና ሰማይ ላይ ደረጃ ደረጃ የሆነ መስመር ይታያችኋል። ካሜራችሁ 8 ቢት ብቻ ከሆነ ሎጉን ተዉት፣ በመደበኛው ፕሮፋይል ንፅፅሩን ዝቅ አድርጋችሁ ቅረጹ። 10 ቢት ካለው ሎግ ቅረጹ። ሮው የሚያስፈልገው ቀለም ለሚሠራ ባለሙያ የሚሰጥ ፊልም፣ ክሊፕ ወይም ማስታወቂያ ላይ ነው። ሠርግ በሮው የሚቀርጽ ሰው ሳይ ለሃርድ ዲስኩ አዝናለሁ።

የሜሞሪና የኮምፒውተር ወጪው ምን ያህል ይለያያል?

ብዙ። በሰከንድ 140 ሜጋቢት የሚቀርጽ ሶኒ በሰዓት 63 ጊጋባይት ይበላል። 5 ሰዓት የተቀረጸ ሠርግ በአንድ ካሜራ 315 ጊጋባይት ነው፤ ሁለት ካሜራ ካለ እጥፍ፣ ሁለተኛ ኮፒ ከተያዘ (መያዝ አለበት) እንደገና እጥፍ። ፖኬት 4ኬ ሮውን በጣም ጨምቆ እንኳ በሰከንድ ወደ 34 ሜጋባይት ይጽፋል፣ በሰዓት 120 ጊጋባይት አካባቢ። መካከለኛው ጭመቃ ላይ 290 ይጠጋል። በዩኤስቢ ወደ ኤስኤስዲ መቅረጹ ይህን ያቀልላል፤ ኤስኤስዲ ከፈጣን ሜሞሪ ካርድ ይረክሳል። ካርድ ስትገዙ ቪ30፣ ቪ60፣ ቪ90 የሚለውን እዩ፤ ቁጥሩ በሰከንድ ቢያንስ ስንት ሜጋባይት እንደሚጽፍ ነው።

የሚገርመው ግን የብላክማጂክ ሮው ፋይል ትልቅ ሆኖ ሳለ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ላይ ከሶኒው ኤች.265 ፋይል የበለጠ ይቀልላል። በጣም የተጨመቀው ፋይል ነው አሮጌ ላፕቶፕ የሚያንቀው። ላፕቶፓችሁ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚሆን ቀላል ኮፒ) ሠርታችሁ ኤዲት አድርጉ።

መብራት ሲጠፋና ወደ ገጠር ስንወጣ ባትሪው እንዴት ይሆናል?

ፎቶ ካሜራ እዚህ ላይ ያሸንፋል። የሶኒዎቹ ባትሪ 16.4 ዋት-አወር ነው፣ ለትንሽነቱ ብዙ ይቆያል፤ በፓወር ባንክም ይሞላል። ፖኬት 4ኬ የካኖን ፎቶ ካሜራ ባትሪ ነው የሚጠቀመው፣ አንዱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ቪ-ማውንት ባትሪ (ከውጭ የሚታሰር ትልቅ ባትሪ) ካላሰራችሁለት ጢስ አባይ ደርሳችሁ ሳትመለሱ ይጨርሳል። ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ መለዋወጫ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፤ ከ100 ዋት-አወር በላይ የሆነ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። 98 ወይም 99 ተብለው የሚሸጡት ለዚህ ነው።

መግዛት ወይስ መከራየት?

በየሳምንቱ የምትጠቀሙበትን ግዙ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ የምትፈልጉትን ተከራዩ። ሠርግ እንጀራው የሆነ ሰው ፎቶ ካሜራና ሁለት ሌንስ ይግዛ፤ ክሊፕ ሲመጣ ሲኒማውን በቀን ይከራይ፣ ሒሳቡንም ውሉ ውስጥ ያስገባ። ጥር ላይ ግን ኪራይ ለማግኘት መሯሯጥ አለ፤ የሠርግ ቀን ሲቆረጥ ካሜራውንም አብራችሁ ያዙ። ስትረከቡ ባለቤቱ ፊት አብሩት፣ አሥር ደቂቃ ቅረጹ፣ የሌንሱን መስታወት ፎቶ አንሡ።

ያገለገለ ስንገዛ ምኑን እንይ?

መጀመሪያ ሌንሱን። ሐይቅ ዳር እርጥበት አለ፤ ክረምቱን ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የቆየ ሌንስ መስታወቱ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። የስልክ መብራት ከኋላ አብርታችሁ በፊት በኩል ስታዩ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ክር ካለ ተዉት። የገዛችሁትንም ከሰኔ እስከ መስከረም ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡ።

ካሜራው ላይ የኤችዲኤምአይ መሰኪያው ሲነካ ይነቃነቅ እንደሆነ፣ ማራገቢያው እንደሚዞር፣ አፐርቸር 16 ላይ ሰማይ ሲቀረጽ ነጠብጣብ እንዳለ እዩ። ሻጩ የሚነግራችሁ የሹተር ቁጥር ለፎቶ ነው፤ ቪዲዮ ብቻ ለሚቀርጽ ሰው ብዙም አይነግረውም። ብላክማጂክ ፖኬት ሲሆን ሲገዛ አብሮት የመጣውን የሪዞልቭ ስቱዲዮ ቁልፍ አብሮ መሸጡን ጠይቁ።

ሁለቱን ደባልቀን ብንቀርጽ ቀለማቸው ይገጥማል?

የአንድ አምራች ከሆኑ በቀላሉ፤ ኤፍኤክስ 30ና ኤ7 4 በአንድ ሎግ ተቀርጸው ትንሽ ማስተካከያ ነው የሚፈልጉት። ብላክማጂክና ሶኒ ከሆነ የኤዲተሩን አንድ ቀን ይበላል። ዋይት ባላንሱን ሁለቱም ላይ በቁጥር አንድ አድርጉት፣ ኦቶ ላይ አትተዉት። በየቦታው መጀመሪያ ላይ የቀለም ካርድ፣ ከሌለ ነጭ ወረቀትና የአንድ ሰው ፊት ሁለቱም ካሜራ ላይ ያዙ። ሰው የሚያየው ፊትን ነውና ፊቱ ከገጠመ የሐይቁ ሰማያዊ ትንሽ ቢለያይ ማንም አያነሣባችሁም።

ደንበኛው «በሲኒማ ካሜራ ይሁን» ብሎ ቢጠይቅስ?

መጀመሪያ ለምን እንደሆነ ጠይቁት። አብዛኛው ሰው ጎረቤቱ ሠርግ ላይ ትልቅ ካሜራ አይቶ ነው፤ የሚፈልገውም ያየውን ቪዲዮ ነው። ስልኩ ላይ ያሳያችሁ፤ ብዙ ጊዜ በጂምባልና በፎቶ ካሜራ የተሠራ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ካሜራውን በማት ቦክስ (ሌንሱ ፊት የሚገጠም የጥላ ሳጥን) አግዝፎ መምጣትም አንድ መንገድ ነው፣ የሚያደርጉት አሉ፤ እኔ አልወደውም፣ ግን አልፈርድባቸውም።

ጥያቄው ከውጭ አምራች ሲመጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ኔትፍሊክስ ለራሱ ሥራዎች በዋና ካሜራነት የሚቀበላቸውን በዝርዝር ያወጣል። ኤፍኤክስ 3 እዚያ ውስጥ አለ፤ ያንኑ 12 ሜጋፒክስል ሴንሰር የያዘው ኤ7ኤስ 3 የለም። ምስሉ አንድ ዓይነት ነው ብሎ መከራከር እዚህ ላይ አይጠቅምም፤ ዝርዝሩ ላይ ያለውን ተከራይታችሁ መሄድ ነው። ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት የሚፈልጉትን የካሜራ ስም፣ ኮዴክ (ቪዲዮው የሚጨመቅበት ዓይነት)፣ የፍሬም ቁጥርና ታይምኮድ ያስፈልግ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ባሕር ዳር የሌለ ካሜራ ከሆነ ከአዲስ አበባ የሚመጣበትንና የሚመለስበትን ቀን ሒሳቡ ውስጥ አስገቡ።